ለአፈር የተላኩ ሽማግሌዎች

መላኩ እኔን ሲያገባ ሽማግሌ አልላከም። እናቴ አዲስ አበባ፣ እኔ ላስ ቬጋስ፤ ማን ወደ ማን ይላካል? ረፋዱ ላይ ቢሮ ሄደን ፈረምን፣ ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም ሥራ ገባን። ከዓመታት በኋላ ግን፣ የሁለት ዓመት ልጄን ታቅፌ በተቀመጥኩበት፣ ሦስት ሽማግሌ በአንድ ቀን ተላከብኝ። ጥፋቴ ምን መሰላችሁ? ልንገዛው የነበረው ቤት አፈር ይመርመር ማለቴ ነው።

ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ ይስቃል። እኔም አሁን አሁን እስቃለሁ። ያኔ ግን አምስት ቀን ሙሉ ጥርሴን ነክሼ ስለዋልኩ መንጋጋዬን ያመኝ ነበር።

ነገሩ እንዲገባችሁ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ትርሲት እባላለሁ። ዲቪ ደርሶኝ መጥቼ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳ ነበር። በፈረንጆቹ 2020 ወረርሽኙ መጥቶ ካዚኖዎቹ ሲዘጉ እኔም እንደ ሁሉ ሰው ቤቴ ገባሁ። ከተማው ቀስ በቀስ ሲከፈት ሌሎቹ ተጠሩ፣ እኔ አልተጠራሁም። የተጠሩት ጓደኞቼ ደግሞ ልጆቻቸውን የሚያውሉበት ስላጡ እኔ ጋ መተው ጀመሩ። በጥቂት ወር ውስጥ ፓራዳይዝ የሚባል ሰፈር ባለችው ባለ ሁለት ክፍል አፓርታማችን አምስት ልጅ ይራወጥ ጀመር። ከታች ያለው ጎረቤታችን በመጥረጊያ እንጨት ጣራውን እየደበደበ ሐሳቡን ይገልጽልን ነበር። ያኔ ነው ጓሮ ያለው ቤት እንገዛና፣ ፈቃድ አውጥቼ በሥርዓት የሕፃናት ማቆያ እከፍታለሁ ብዬ የተነሳሁት።

ሌላው ማወቅ ያለባችሁ ስለ ልጄ ስለ ሶልያና ነው። ያኔ ከመላኩና ከሐኪሟ በቀር ለማንም አልተናገርኩም፤ መዘዙ ሁሉ የመጣውም ባለመናገሬ ነው። ልጄ አፈር ትልስ ነበር። ደረቁን ዝም ትለዋለች። ውኃ የነካው አፈር ከሸተታት ግን ማን ይይዛታል? እጇን ሞልታ ወደ አፏ ነው። ሐኪሟ ደሟን አስመርምራ አይረን ያንሳታል ብላ የሚጠጣ መድኃኒት አዘዘችላት። "ልማዱ ቶሎ ላይለቃት ይችላል፤ እስከዚያ የምትጫወትበት አፈር ንጹሕ መሆኑን አረጋግጪ" ብላ አስጠነቀቀችኝ። የእኛ ሰው ደግሞ "አፈር የምትበላው ርቧት ነው" ከማለት አይመለስም። የሰው ልጅ የምትጠብቅ ሴት የራሷ ልጅ አፈር ትበላለች ከተባለ ማን ያምነኛል? ስለዚህ ነገሩን ዋጥ አደረግሁት።

ቤቱን የሚሸጡልን ጋሽ ደምሴ ነበሩ። ጋሽ ደምሴ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል በስደት መጥተው እዚህ ከተማ መጀመሪያ ከሰፈሩት ሐበሾች አንዱ ናቸው። ሰንራይዝ ማነር የሚባል ሰፈር ውስጥ ከፊት ትንሽ ቤት፣ ከኋላ ሰፊ ጓሮ ያለው ቦታ አላቸው። በዚያ ጓሮ ከሃያ ዓመት በላይ የታክሲ ነጂዎቻችንን መኪና ሲጠግኑ ኖረዋል። እኔ ስመጣ እዚህ የማውቀው ሰው አልነበረኝም፤ በሰው በሰው ተነግሯቸው ኤርፖርት ድረስ መጥተው የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። አራት ወር ቤታቸው ስኖር አንድ ሳንቲም አልጠየቁኝም። "ወደ ኋላ አትሂጂ ልጄ፣ ዘይት ነው፣ ልብስሽ ይበላሻል" ከማለት በቀር የከለከሉኝም ነገር የለም። ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ጋራዡን ዘጉ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ደግሞ ሴት ልጃቸው ወዳለችበት ወደ ሲያትል ሊሄዱ ወስነው ጠሩን።

"ለባዳ ከምሸጠው ለልጄ ልሽጠው" አሉ። መላኩ እጃቸውን ሊስም ምንም አልቀረው።

ኅዳር ወር ላይ፣ ሐሙስ ቀን ነው። ውሉን ፈርመናል፤ ቤቱን የምናስመረምርበት ጥቂት ቀን ተሰጥቶናል። ሦስታችን ጓሮውን ልናይ ሄድን። ጋሽ ደምሴ እንግዳ መጣ ብለው፣ አቧራ እንዳይነሳብን ግቢውን በሙሉ ውኃ አርከፍክፈውበት ጠበቁን። ገና ከመኪና ስንወርድ ሽታው መጣ። ሶልያና እጄን መንጭቃ ሮጠች። ስደርስ ጓሮው ጥግ ያለ አሮጌ የብረት ኮንቴይነር ሥር ቁጢጥ ብላለች፤ ጣቶቿ አፏ ውስጥ ናቸው። ጣቶቿን አውጥቼ አየኋቸው፤ አፈሩ ጥቁር ነው፣ ይጣበቃል። አሸተትኩት። የመኪና ዘይት ነው።

አፏን በያዝኩት ውኃ እያጠብኩ ሳለ ጋሽ ደምሴ ከሩቅ አዩኝ። እጇ ብቻ የቆሸሸ መስሏቸው "ተያት ልጄ፣ ልጅ በአፈር ነው የሚያድገው!" አሉና ሳቁ።

ከዚያ እንደወጣን መኪና ውስጥ ሆኜ ለቤት ሽያጭ ወኪላችን ደወልኩ። አፈር የሚመረምር ሰው አገኘችልኝ። ሰኞ መምጣት ይችላል፤ ከተለያየ ቦታ ቆፍሮ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል። የሚፈልገው የባለቤቱን ፈቃድ ብቻ ነው።

"የማንን አፈር?" አለ መላኩ መሪውን እንደያዘ።

"የጋሽ ደምሴን።"

"ትርሲት፣ ጣራውን ቼክ አድርጊ፣ ቧንቧውን ቼክ አድርጊ። አፈር ግን... ሰውየው ምን ይላሉ? መርዝ ሸጡልን እንደማለት እኮ ነው!"

"መርዝ ቢሆንስ?"

"ቢሆንም በፊታቸው አይነገርም!"

እንግዲህ የምኖረው ከዚህ ሰው ጋር ነው። ደግ ነው፣ ሠራተኛ ነው። ይሉኝታው ግን ለጉድ ነው። ምግብ ቤት ያላዘዘው ቢመጣለት አስተናጋጁ እንዳይከፋው ብሎ ይበላል፣ ቲፕም ጨምሮ ይሰጣል።

ዓርብ ጠዋት ስልኩን አንስቼ ለጋሽ ደምሴ ደወልኩ።

"ጋሽ፣ ፈቃድዎ ከሆነ አንድ ባለሙያ ሰኞ መጥቶ አፈሩን እንዲያይልን ፈልጌ ነበር።"

"ምኑን?"

"አፈሩን።"

"አፈሩ ምን ሆነ?" አሉኝ።

መናገር የነበረብኝ እዚህ ላይ ነበር። ልጄ አፈር ትልሳለች። ሦስት ቃል ነው። ከአፌ አልወጣ አለኝ። "ምንም አልሆነ ጋሽ... እንዲሁ ነው፣ ሁሉም ሰው ያስመረምራል" አልኩ። ውሸት ነው። ከማውቃቸው ሰዎች አንድም ያስመረመረ የለም።

"እሺ ልጄ" አሉና ዘጉት። እሺ የሚለው ቃል እንደዚያ ቀዝቅዞ ሰምቼው አላውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ታደለ በዙም ግቡ ብለው ላኩብን። ስንገባ ሦስት ናቸው። ጋሽ ታደለ ከረባት አስረዋል። ሁለተኛው ሽማግሌ ስልካቸውን ጠረጴዛ ላይ አጋድመውት እስከ መጨረሻው ያየነው የቤታቸውን ጣራ ነው። ሦስተኛዋ ወይዘሮ አስካለ ማይካቸውን ሳይከፍቱ እጃቸውን እያወናጨፉ አሥር ደቂቃ ያህል ተናገሩ። በሽማግሌ ንግግር መሃል ጣልቃ መግባት ነውር ነውና ሁላችንም አንገታችንን እየነቀነቅን ያልሰማነውን አዳመጥን። በኋላ መላኩ እየፈራ "እማማ፣ ድምፅዎ አይሰማም" ቢላቸው ከመጀመሪያው ጀመሩት።

"ልጄ" አሉ ጋሽ ታደለ፣ "ደምሴ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። 'እኔ ለልጄ የተበላሸ ነገር የምሸጥ ሰው ነኝ ወይ?' ይላል።"

"እሳቸውን አልጠረጠርኩም፣ ጋሽ ታደለ። አፈሩን ነው።"

"አፈሩ የማን ነው?"

"የእሳቸው።"

"ታዲያ!"

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?" አልኩ በሞት ሽረት።

"እሱ የተባለው ለሌባ ነው" አሉኝ። "ለደምሴ አይደለም።"

ወይዘሮ አስካለ ተቀበሉ፦ "ኤርፖርት ሲቀበልሽ ሻንጣሽን ፈትሿል? ማን ናት፣ ምን ይዛ መጣች ብሏል? ውለታ እንዲህ ነው የሚመለስ?"

ይህቺ አጥንቴ ድረስ ገባች። ከጣራው ምስል ውስጥም "እውነት ነው፣ እውነት ነው" የሚል ድምፅ መጣ። መላኩ አጠገቤ ወለሉን ያያል። ሶልያና ጭኔ ላይ ሆና ለሽማግሌዎቹ እጇን ታውለበልባለች። አሁንም መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም። ይልቁንም ውስጤ በንዴት ጨሰ፤ ራሴ የደበቅሁትን ነገር እንዴት አታውቁልኝም ብዬ የምናደድ ሰው ሆኜ ነበር።

በመጨረሻ ጋሽ ታደለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሁለታችሁንም የማያስከፋ ሐሳብ አለን። ባዕድ መጥቶ የሰውየውን ግቢ አይቆፍርም። ደምሴ በገዛ እጁ አፈሩን ያወጣና ያመጣልሻል፤ አንቺ ወስደሽ ታስመረምሪያለሽ። አንቺም መረመርሽ፣ እሱም ተከበረ።"

አፌን ሳልከፍት መላኩ "እግዜር ይስጥልን!" አለ። ቢቸግረኝ እኔም እሺ አልኩ። የሽማግሌ ቃል ረግጦ እዚህ ከተማ መኖር የለም።

እሑድ ጋሽ ደምሴ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ማስክ አድርገዋል። ግቡ ብንላቸው እምቢ ብለው ደጅ ላይ ቆሙ። በነጭ ሶፍት የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጃቸው ሰጡኝና "ይኸው፣ እንዳሉት" ብለው ዱላቸውን እየተደገፉ ሄዱ። ስፈታው የማር ጠርሙስ ነው። ታጥቧል፣ ተወልውሏል፣ ክዳኑ ጥብቅ ብሏል። ውስጡ ያለው አፈር ልስልስ ያለ፣ ጠቆር ያለ፣ የሚያምር አፈር ነው።

"አየሽ?" አለኝ መላኩ።

አየሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ሰውየውን በድያቸው ይሆን ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ጠርሙሱን ከሶልያና ለመደበቅ ፍሪጁ አናት ላይ ሰቀልኩት።

ሰኞ ጠዋት አርትስ ዲስትሪክት የሚባለው ሰፈር አጠገብ ወዳለው የባለሙያው ቢሮ ወሰድኩት። ረጅም፣ ፀሐይ ፊቱን የፈጀው ሰውዬ ነው። ነገሩን ስነግረው መጀመሪያውኑ ደስ አላለውም፤ "እኔ ያልቆፈርኩትን አፈር አልመረምርም" አለኝ። ለመንኩት። ጠርሙሱን ከፈተ፣ ወደ መስኮቱ አዘነበለ፣ በሁለት ጣቱ ቆንጠር አድርጎ ፈተገው። ከማስኩ በላይ ዓይኖቹ ሲጠቡ አየሁ።

"ይህን ማን ቆፈረው?"

"ባለቤቱ።"

"ከየት?"

"ከጓሯቸው።"

ሳቀ። ያውም ትከሻው እስኪነቃነቅ። "እመቤት፣ ላስ ቬጋስ ውስጥ እንዲህ ያለ ጓሮ የለም። ይህ ሱቅ ውስጥ በከረጢት የሚሸጥ የአበባ አፈር ነው። እነዚህ ነጫጭ ፍሬዎች ይታዩሻል? ፋብሪካ ነው የሚጨምራቸው። መርምር ካልሽኝ ቲማቲም ጥሩ አድርጎ እንደሚያበቅል ከአሁኑ ልነግርሽ እችላለሁ።"

ደሜ ፈላ። ይህን ሁሉ ሰው ሰብስበው አሰድበውኝ፣ ውለታ ቢስ አስብለውኝ፣ ለካ ከሱቅ የተገዛ አፈር ሰጥተው ሸኝተውኛል! "ዛሬ ከሰዓት ዕቃህን ይዘህ እዚያው ና" ብዬ አድራሻውን ሰጠሁት። ፈቃዱን በግድም ቢሆን አመጣለሁ አልኩ። መኪና ውስጥ ብቻዬን እየጮህኩ፣ ለሽማግሌዎቹ የምለውን እየተለማመድኩ ሰንራይዝ ማነር ደረስኩ።

ጋሽ ደምሴ ከቤቱ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ቃሪያ የተተከለባቸው አራት ባልዲዎች አሉ። አንዱ ባልዲ ዳር ላይ አፈሩ ጎድሏል፤ ጉድጓዱ አንድ ጠርሙስ የሚሞላ ያህል ነው።

ጠርሙሱን እግራቸው ሥር አስቀመጥኩት። "ጋሽ፣ ይህ ከየት ነው የመጣው?"

"ከዚህ ነዋ" አሉ፣ ምንም ሳይደነግጡ ባልዲውን እያሳዩኝ።

"ይህ እኮ ከሱቅ የተገዛ አፈር ነው!"

"አዎ። በየዓመቱ እገዛለሁ። ጥሩው እሱ ነው።"

"የጓሮውን ነበር እኮ የፈለግሁት!"

"የጓሮውን?" ግንባራቸው ተቋጠረ። "ልጄ፣ ለዓመት በዓል ለሰው በግ ስትልኪ የከሳውን ነው የምትልኪው? ሰው ቤት የሚገባ ነገር፣ ያውም በሽማግሌ ፊት የተባለ ነገር... ያንን የሚሸት አፈር በጠርሙስ ይዤ ደጅሽ ልቁም?"

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ ግራ ገባኝ። አላታለሉኝም። እኔ ማስረጃ ስጠብቅ እሳቸው ስጦታ ይዘው ነው የመጡት።

"እንደሚሸት ያውቃሉ ማለት ነው" አልኩ።

"ሃያ ዓመት ዘይት ተደፍቶበት እንዴት አይሸት? ታዲያ ምን አለበት? አፈር ይቆሙበታል እንጂ ማን ይበላዋል!"

"ሶልያና" አልኩ። "ሶልያና ትበላዋለች።"

አፌ አንዴ ከተከፈተ አልዘጋ አለኝ። ስለ ሐኪሟ፣ ስለ መድኃኒቱ፣ ሐሙስ ዕለት ኮንቴይነሩ ሥር ስላገኘኋት፣ አፏን ስለማጠቤ፣ ሁሉን ነገርኳቸው። ጋሽ ደምሴ ማስካቸውን ወደ አገጫቸው አውርደው እስክጨርስ አዩኝ።

"ሐሙስ... ውኃውን ያርከፈከፍኩት እኔ ነኝ" አሉ ቀስ ብለው።

"እርስዎ አያውቁም ነበር።"

"ስልኩ ላይ ለምን አላልሽኝም?"

"ተሸማቀቅሁ ጋሽ።"

"ይህን ብትዪኝ ሽማግሌ እልክብሽ ነበር? በገዛ እጄ እቆፍርልሽ ነበር እኮ!" አሉና ድምፃቸው ተሰበረ። እኔም አለቀስኩ።

ባለሙያው ሲመጣ ጋሽ ደምሴ ማንም ሳይጠይቃቸው ዱላቸውን ይዘው ቀደሙት። "እዚህ ዘይት እደፋ ነበር በዪው። እዚህ አሮጌ ባትሪ እሰብር ነበር፣ ውስጡ ያለውን እርሳስ ለሚገዛኝ ሰው። እዚህም። እዚያ ኮንቴይነሩ ያለበት፣ ከሥሩም።" እኔ አስተረጎምኩ፣ ሰውየው ጻፈ። መሬቱ ከላዩ ለስላሳ ነው፤ ጥቂት ሲወርድ እዚህ አገር ካሊቼ የሚሉት ነጭ ድንጋይ ብረት አላስገባ ይላል። ሰውየው በላብ እየተጠመቀ ትንንሽ ጠርሙሶቹን ሞላ። "ያኔ ማንም አልጠየቀኝም" አሉ ጋሽ ደምሴ ለእኔም ለእሱም ሳይሆን። "መሬት ይጠጣዋል ነበር የምንለው።"

ወኪላችን ጥቂት ተጨማሪ ቀን አስፈቀደችልን። ውጤቱ ሲመጣ የቤቱ ፊት ደህና ነው፤ ከኋላ ግን እርሳሱም ዘይቱም ልጅ ሊጫወትበት ከሚፈቀደው በጣም ያለፈ ነው። አፈሩን አስወጥቶ ማጽዳት ደግሞ ከእኛ አቅም በላይ ነበር። ወኪላችን የውጤቱን ቅጂ ለጋሽ ደምሴ ላከችላቸውና ቤቱን ተውነው። የሶልያናን ደም በድጋሚ አስመረመርን፤ ሐኪሟ ደህና ናት አለችኝ። ያን ቀን የሐኪም ቤቱ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። "ትርሲት የደምሴን ቤት መርዝ አለችው" ተባለ። ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን ወሰዱ። ሽማግሌዎቹ ሲያገኙኝ በሩቁ አንገታቸውን ሰበር ያደርጋሉ። ጋሽ ደምሴም የቤታቸው ስም ስለጠፋ ተከፍተው አልደወሉ፣ እኔም አፍሬ አልደወልኩ። ስድስት ወር እንዲሁ ሄደ። እኔም ምክንያቱን ለማንም አልተናገርኩም፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ እንኳ! በራሴ የምናደደው ይህን ሳስታውስ ነው።

በ2021 ሰኔ ላይ፣ ሙቀቱ ሰው በሚጠብስበት ሰሞን፣ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ደምሴ ናቸው።

"ትርሲት፣ ያ የአፈሩ ወረቀት አለሽ?"

"አለኝ ጋሽ።"

"በአማርኛ ጻፊልኝ። ሊገዙ የመጡ ባልና ሚስት አሉ፤ በዲቪ የመጡ ልጆች። እንግሊዝኛውን ሰጠኋቸው፣ 'ኧረ ጋሽ፣ እርስዎን አምነን!' እያሉ አጥፈው ይመልሱልኛል። እኔን ላለማስከፋት አናነብም ይላሉ እኮ! እንዴት ያሉ ሰዎች ናቸው?" አሉኝ በምሬት።

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም ትንሽ ቆይተው ሳቁ።

"አንድ እንግሊዝኛው ላይ የሌለ ነገር ደግሞ ጨምሪበት" አሉ። "ቤታችሁ አፈር የሚልስ ሰው ካለ ይህን ቤት አትግዙ በይ። የማንንም ስም አታንሺ።"

ጻፍኩት። በማግስቱ ጠዋት፣ ሳይሞቅ፣ ቤቱ ፊት ተሰበሰብን። ባልየው ትሑት ነው፤ ፈገግታው ከፊቱ አይጠፋም። ሚስቱ ቤዛ ትባላለች። ነፍሰ ጡር ናት፣ ሆዷ ገፍቷል። ጋሽ ደምሴ ቃሪያዎቻቸውን ውኃ አጠጥተው መጨረሳቸው ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ።

"ጋሽ፣ እርስዎ ካሉ እኮ..." አለ ባልየው።

"እኔ አላልኩም፣ ወረቀቱ ነው ያለው። እኔን እመነኝና ዝም ብለህ ስማ!"

ቃል በቃል አነበቡት፤ ዘይቱን፣ እርሳሱን፣ ኮንቴይነሩን። የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ ቤዛ አፏን በእጇ ያዘች። ያቅለሸለሻት መስሎኝ ተነሳሁ።

"ማን ነገራችሁ?" አለች።

"ምኑን?" አለ ባሏ።

ቤዛ ቦርሳዋን ከፍታ የተጠቀለለ ሶፍት አወጣችና ጭኗ ላይ ፈታችው። ውስጡ አፈር ነው። ጠቁሯል። ባለፈው ሳምንት ቤቱን ሊያዩ ሲመጡ፣ ባሏ ከጋሽ ደምሴ ጋር ሲያወራ ከኋላ፣ ከኮንቴይነሩ ሥር የወሰደችው ነው። "ከከበድኩ ጀምሮ ያምረኛል" አለች ማንንም ሳታይ። "ብዙ አልበላሁም... ለሽታው ብዬ ነው... ትንሽ ትንሽ።"

የባልየው ፈገግታ ያን ጊዜ ጠፋ። ጋሽ ደምሴ ሶፍቱን ከጭኗ ላይ አነሱት። "ተነስ ልጄ፣ አሁኑኑ ሐኪም ጋ ውሰዳት" አሉት። እኔ አጠገቧ ቁጭ አልኩና እጇን ያዝኩ። ከፍርሃቱ ይልቅ እፍረቱ እንደገደላት ከፊቷ አወቅሁት።

"የእኔም ልጅ ትልስ ነበር" አልኳት። ሰው በተሰበሰበበት ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። "ከዚሁ ግቢ፣ ከዚያው ኮንቴይነር ሥር።"

ቀና ብላ አየችኝ።

ቤዛን ሐኪሞቹ እስክትወልድ ድረስ ተከታተሏት፤ በሰላም ወለደች። ጋሽ ደምሴ ቤቱን ለማንም ከመሸጣቸው በፊት የኋላውን አፈር አስወጡ፤ ከሽያጩ አገኛለሁ ብለው ያሰቡት ገንዘብ ትልቁ ክፍል እዚያ ላይ ሄደ። አፈሩ በከባድ መኪና ተጭኖ ሲወጣ በር ላይ ወንበር አውጥተው የመጨረሻው መኪና እስኪሄድ ተቀምጠው አዩ። ከዚያ ነው ሲያትል የሄዱት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቤት የምትገዙ ከሆነ አፈሩን አስመርምሩ። የሚሸጥላችሁ የሥጋ ዘመዳችሁ ቢሆንም አስመርምሩ። ለምን እንደምታስመረምሩ ግን አፋችሁን ሞልታችሁ ተናገሩ። እኔ ሦስት ቃል ውጬ ሦስት ሽማግሌ አስቆጣሁ፣ አንድ ደግ ሰው ስድስት ወር አስኮረፍኩ። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። ያኔ ተናግሬው ቢሆን ወሬው ቤዛ ጆሮ ሳይደርስ አይቀርም ነበር።

ዛሬ ጓሮ ያለው ቤት ተከራይተን የሕፃናት ማቆያዬን ከፍቻለሁ፤ አፈሩን ያው የአፈር ባለሙያ መርምሮታል። ወላጆች ልጅ ሲያስመዘግቡ የሚሞሉት ቅጽ አለኝ። መጨረሻው ላይ "ልጅዎ አፈር ይልሳል?" የሚል ጥያቄ አለ። ከሥሩ በእጄ ጽሑፍ "የእኔም ልጅ ትልስ ነበር" ብዬ ጽፌበታለሁ። አብዛኞቹ ጥያቄውን ዘለውት ያልፋሉ፤ ከሥሩ ያለውን ካነበቡ በኋላ ግን አንዳንዶቹ ተመልሰው ይሞሉታል።